«ለሁሉም» የተባለ አፕ ማን ይከፍልበታል?

ጫማ ሊያስመጣ የተነሳ ነጋዴ አስቀድሞ የሚያጣራው የማን እግር እንደሚገባበት ነው። የወንድ ነው የሴት? የተማሪ ነው የሠራተኛ? ከየትኛው ቁጥር ምን ያህል ይጫን? ይህን ሳያጣራ ኮንቴይነር የሚያስጭን ሰው መርካቶ ውስጥ ብዙ አይገኝም፤ ቢገኝም ለሁለተኛ ጊዜ አያስጭንም። ገንዘቡን በሞባይል አፕ ላይ ለማዋል የሚያስብ የከተማ ባለሀብት ግን ይህንኑ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለዋል። የሚቀርብለት የፕሮጀክት ሰነድ የአገሪቱ ሕዝብ ከ100 ሚሊዮን በላይ መሆኑን ይጠቅስና አንድ በመቶው እንኳን ቢጠቀምበት አንድ ሚሊዮን ደንበኛ ይገኛል ብሎ ይደመድማል። ሒሳቡ ያምራል፤ ነገሩ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። ያ አንድ በመቶ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚገኝና ለምን እንደሚከፍል በሰነዱ ውስጥ አልተጻፈም።

በገበያ ጥናት ዒላማ ደንበኛ የሚባለው አፑን ሲያሳዩት «ጥሩ ነው» የሚለው ሰው አይደለም። አፑ ሊፈታለት የታሰበውን ችግር ዛሬም በሌላ መንገድ ለመፍታት ገንዘብ፣ ጊዜ ወይም ድካም እያወጣ ያለው ሰው ነው። ምንም የማያወጣ ሰው ችግሩ አልቆረቆረውም ማለት ነው፤ ያልቆረቆረው ደግሞ አይከፍልም። ባለፉት ሃያ ዓመታት በአፍሪካም ሆነ በሌላው ዓለም የተነሱትንና የወደቁትን የሞባይል አገልግሎቶች ለተመለከተ፣ ልዩነቱ ከቴክኖሎጂው ይልቅ ይህን ሰው በማግኘትና ባለማግኘት ላይ ሆኖ ይታያል።

ናይሮቢ ላይ የተገኘው ያልታሰበ ደንበኛ

ኤም-ፔሳ ሲጠነሰስ የታሰበው ዛሬ ለሚጠቀምበት ሰው አልነበረም። ቮዳፎን ከብሪታኒያ መንግሥት የዓለም አቀፍ ልማት መሥሪያ ቤት ባገኘው ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2005 ኬንያ ውስጥ ሙከራውን ሲጀምር ዒላማው የማይክሮ ፋይናንስ ተበዳሪ ነበር። ፋውሉ ከተባለው አበዳሪ ድርጅት ጋር በመተባበር፣ በናይሮቢና በቲካ ከተማ ቁጥራቸው ከ500 የማይበልጥ ተበዳሪዎች ተመርጠው ብድራቸውን በስልክ እንዲቀበሉና እንዲከፍሉ ተደረገ።

ሙከራው ሁለት ነገሮችን አሳየ። አንደኛ፣ አበዳሪው ድርጅት ሒሳቡን የሚይዝበት መንገድ ከስልኩ አሠራር ጋር ለማጣጣም አስቸጋሪ ሆነ፤ ተበዳሪዎች በየጊዜው እየተሰበሰቡ አንዱ ሌላውን የሚጠብቅበት የቡድን ልማድም እንዳይላላ ሥጋት ፈጠረ። ሁለተኛውና ዋናው ግን ተበዳሪዎቹ አገልግሎቱን ለራሳቸው ጉዳይ ማዋላቸው ነው። አንዱ ለሌላው ገንዘብ ይልክበት ጀመር። መንገድ የሚወጣው ጥሬ ገንዘብ ይዞ ላለመሄድ ሲል መነሻው ላይ አስገብቶ መድረሻው ላይ አወጣ።

ኩባንያው ይህን ካየ በኋላ ተበዳሪውን ትቶ ላኪውን ያዘ። ሳፋሪኮም በመጋቢት ወር 2007 እ.ኤ.አ. አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር ማስታወቂያው ስለ ብድር አንዳች አላነሳም፤ ገንዘብ ወደ ቤት ላኩ የሚል ብቻ ነበር። ደንበኛውም ቁልጭ ብሎ ታወቀ፤ ናይሮቢ ውሎ የሚያድር፣ ቤተሰቡ ገጠር ያለ ሠራተኛ ነው። ይህ ሰው ቀድሞ ገንዘቡን በአውቶቡስ ሹፌር ወይም ወደ አገሩ በሚሄድ ዘመድ እጅ ይልክ ነበር። ይዘገይበታል፤ ይጎድልበታል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይደርስም። በ2006 በተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት የባንክ ሒሳብ የነበረው ኬንያዊ 19 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑ ሲታይ፣ ሌላ አማራጭ እንዳልነበረው ግልጽ ነው። አገልግሎቱ በማንኛውም ተራ ስልክ፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራ ነበርና ላኪውም ተቀባይዋ እናትም አዲስ ስልክ መግዛት አላስፈለጋቸውም። ተመዝጋቢዎቹ በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆኑ።

ያው ዕቃ፣ ሌላ ገበያ

ይኸው አገልግሎት በ2010 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ገባ። ቮዳኮም በሦስት ዓመት ውስጥ 10 ሚሊዮን ደንበኛ አገኛለሁ ብሎ ነበር። በ2014 ባንክ ቀይሮ እንደገና ቢሞክርም በ2016 አጋማሽ አገልግሎቱን ዘጋው። በዚያን ጊዜ የተመዘገበው ሰው ወደ አንድ ሚሊዮን ሲጠጋ በእርግጥ የሚጠቀምበት ግን 76 ሺህ ብቻ ነበር።

ስሙ ያው ነው፤ ቴክኖሎጂውም ያው ነው። ደንበኛው ግን ያው አልነበረም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የባንክ ሒሳብ ያለው ሰው እጅግ ብዙ ሲሆን፣ የሱፐር ማርኬቶች መደብር ሳይቀር ገንዘብ ይልክለታል። የናይሮቢው ሠራተኛ የነበረበት ጭንቀት የጆሃንስበርጉ ሠራተኛ ላይ በዚያው መጠን አልነበረም። ለአገራችን ባለሀብት ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው፤ ተመዝጋቢና ተጠቃሚ አንድ አይደሉም። አፑን ስልኩ ላይ የጫነ ሁሉ ደንበኛ ተብሎ ከተቆጠረ ኪሳራው የሚታወቀው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው።

ካፒታል የደንበኛን እጥረት እንደማይሸፍን የሚያሳየው ደግሞ የአሜሪካው ኪውቢ ነው። በሆሊውድ ስመ ጥሩ ጄፍሪ ካትዘንበርግና በቀድሞዋ የኢቤይ ሥራ አስኪያጅ ሜግ ዊትማን የሚመራው ይህ ኩባንያ 1.75 ቢሊዮን ዶላር ሰብስቦ፣ ከ10 ደቂቃ የማይበልጡ ቪዲዮዎችን በስልክ ብቻ የሚያሳይ አፕ በሚያዝያ ወር 2020 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ አዋለ። የታሰበለት ደንበኛ ባቡር የሚጠብቅ፣ ወረፋ የያዘ፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው ነበር። በወረርሽኙ ምክንያት ያ ሰው ቤቱ ተቀመጠ። ከዚያም በላይ ግን ያ ሰው ወረፋ ላይ ሆኖ የሚያየው ነገር ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ በነፃ ነበረው፤ በወር 4.99 ዶላር እንዲከፍል የሚያስገድደው ምክንያት አልቀረበለትም። ኩባንያው ሥራ በጀመረ በስድስት ወሩ መዘጋቱን አስታወቀ።

ስማርት ስልኩ በማን እጅ ነው?

የአዲስ አበባ የታክሲ አፖች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ልብ ሊባል ይገባዋል። በሳምራዊት ፍቅሩ የተመሠረተው ሃይብሪድ ዲዛይንስ ራይድን ወደ ገበያ ሲያወጣ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ስማርት ስልክና የማይቋረጥ ኢንተርኔት ይኖረዋል ብሎ አልተነሳም። ተሳፋሪው በአጭር ቁጥር 8294 ደውሎ ያለበትን ሰፈር ከተናገረ መኪና ይመጣለታል፤ ክፍያውንም በጥሬ ገንዘብ ይፈጽማል። አፑ የግድ መኖር ያለበት በሹፌሩ ስልክ ላይ ነው።

ይህ ማለት የአፑ የመጀመሪያ ዒላማ ደንበኛ ተሳፋሪው ሳይሆን ሹፌሩ ነው ማለት ነው። ሹፌሩ አፑን በየቀኑ፣ ቀኑን ሙሉ ይከፍተዋል። ሥራ ሲያጣ የሚያቃጥለው ነዳጅ ከኪሱ ስለሚወጣ ሥራ የሚያመጣለትን አፕ ለማወቅ ማንም አያስጨንቀውም። ተሳፋሪው ደግሞ እንደ ልማዱ ስልክ መደወል ብቻ ይበቃዋል። ሁለት ወገን ያለው ገበያ ሲሆን አፑን የሚከፍተው፣ ገንዘቡን የሚከፍለውና አገልግሎቱን የሚያገኘው ሰው የተለያዩ ሊሆኑ እንደሚችሉ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በግብርናውም መስክ ተመሳሳይ ውሳኔ ተወስኗል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2014 እ.ኤ.አ. የጀመረው የ8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር አፕ አልነበረም። ገበሬው ከማንኛውም ስልክ በነፃ ደውሎ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ የተቀዳ ምክር ይሰማል። ማንበብ የሚያስቸግረው፣ ስልኩም ባለ ቁልፍ የሆነ ሰው ዒላማ ሲሆን ትክክለኛው «አፕ» ድምፅ ነው።

ደንበኛ በመመሪያ ሲመጣ

ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከሌሎቹ የሚለየው መነሻ ነበረው። ቀደም ሲል ኤም-ብርና ሄሎካሽ የመሳሰሉት ከማይክሮ ፋይናንስ ተቋማትና ከባንኮች ጋር ሆነው መንገዱን ቢጠርጉም፣ የቴሌኮም ኩባንያው ደንበኞቹን በሲም ካርድ ቀድሞ ይዟቸው ነበር። አገልግሎቱ በ*127# በተራ ስልክም ስለሚሠራ ስማርት ስልክ የሌለውን አልገፋም። ከዚህ በተጨማሪ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች የነዳጅ ድጎማ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር እንዲከፈል፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ የነዳጅ ግብይት በዲጂታል መንገድ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። የታክሲ ሹፌር በአንድ ጊዜ ደንበኛ ሆነ። ኢትዮ ቴሌኮም እስከ ሰኔ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከ54 ሚሊዮን በላይ የቴሌብር ተጠቃሚ መመዝገቡን ገልጿል።

የግል ባለሀብት ይህን አይቶ እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ ቢል ይሳሳታል። ደንበኛን በመመሪያ የሚያመጣለት የለም፤ በሲም ካርድ የያዘውም ሕዝብ የለም። ሳፋሪኮም እንኳን ኤም-ፔሳን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ ሲጀምር፣ ኬንያ ላይ ባዶ ያገኘውን ቦታ እዚህ ተይዞ ነበር የጠበቀው። ለግሉ አፕ የሚቀረው ትልልቆቹ ያላዩት ወይም ሊያዩት የማይመቻቸው ጠባብ ቦታ ነው፤ ጠባብነቱም ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ነው።

«ዳያስፖራ» አንድ ሰው አይደለም

በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሚሠሩ የገንዘብ መላኪያ አፖች በሰነዶቻቸው ላይ «ዳያስፖራ» የሚል አንድ ቃል ይጽፋሉ። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ የሚነዳው ሰው የባንክ ካርድ አለው፤ በስልኩ መክፈልም ለምዷል። ቤይሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራዋ እህት ደግሞ ደመወዟን በጥሬ ገንዘብ የምትቀበልና የዕረፍት ቀን የማታገኝ ልትሆን ትችላለች። ለአንዱ የተሠራው አፕ ለሌላዋ ከነመኖሩም አይታወቅም።

የዚህ አፕ ተፎካካሪም ሌላ አፕ አልነበረም፤ በእጅ የሚሠራው ሐዋላ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን እስከተደረገበት ጊዜ ድረስ በባንኩና በጥቁር ገበያው መካከል የነበረው ልዩነት ሰፊ ስለነበር፣ አፑ የቱንም ያህል ቢያምር ላኪው ልዩነቱን ትቶ ወደ እርሱ የሚመጣበት ምክንያት ትንሽ ነበር። ደንበኛን ማወቅ ማለት የሚሄድበትን ሌላ በር ማወቅም ነው።

የዱቤ ደብተር በስልክ፦ ሒሳቡ ሲሠራ

ነገሩን ወደ ሱቅ ለማቅረብ አንድ ምሳሌ ይወሰድ። የዱቤ ደብተርን የሚተካ አፕ ሊሠራ ታስቧል እንበል። የመጀመሪያው ሐሳብ «ባለ ሱቅ ሁሉ ዱቤ ይሸጣልና ደንበኛችን ባለ ሱቅ ነው» የሚል ይሆናል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ መሆናቸው ይታወቅና፣ በታሰበው አካባቢ 10,000 ሱቆች ቢኖሩ፣ ስማርት ስልክ ያላቸው 7,000 ይሆናሉ። ከነዚህ ዘወትር በዱቤ የሚሸጡት 4,000 ናቸው። ዱቤው እየጠፋ በእርግጥ የሚጎዳቸው 1,500፣ ለዚህ ብለው በወር 200 ብር የሚከፍሉት ደግሞ 300 ብቻ ይገኛሉ። ገቢው በወር 60,000 ብር መሆኑ ነው። የሁለት ፕሮግራመር፣ የአንድ የሽያጭ ሠራተኛና የሰርቨር ወጪ በወር 250,000 ብር ቢደርስ ባለሀብቱ በየወሩ 190,000 ብር ይከስራል።

አሁን ደግሞ ከባለ ሱቁ ወደ አከፋፋዩ ይታለፍ። አከፋፋዩ ለክፍለ አገር ነጋዴዎችና ለችርቻሮ ሱቆች ሚሊዮን ብሮች የሚያወጣ ዕቃ በዱቤ በትኗል። የማን ቀን እንዳለፈ ለማወቅ ጸሐፊ ቀጥሯል፤ ስልክ ሲደውል ይውላል፤ አንዳንዱን ዕዳም በክርክር ያጣዋል። እንዲህ ካሉ 400 አከፋፋዮች 150ው በወር 2,500 ብር ቢከፍሉ ገቢው 375,000 ብር ይሆናል። ሰዎቹ ከመጀመሪያዎቹ በግማሽ አነሱ፤ ሥራው ግን አተረፈ።

ይሁንና እዚህም ላይ በሰነድ የማይጻፍ ጥያቄ አለ። አከፋፋዩ ደብተሩን ማን ያየዋል ብሎ ይሠጋል። ግብር ሰብሳቢው ሊያየው ይችላል፤ ጎረቤት ያለው ተፎካካሪም የማን ደንበኛ የማን እንደሆነ ሊያውቅበት ይችላል። ከዚህም ሌላ አፑን የሚገዛው እርሱ ቢሆንም ቁጥሩን የሚያስገባው በመጋዘኑ ያለው ወጣት ሠራተኛ ነው። ስለዚህ መጠናት ያለባቸው ሰዎች ሦስት ናቸው፤ የሚከፍለው፣ የሚነካካውና «አይሆንም» ማለት የሚችለው። ብዙ አፖች የሚወድቁት ሁለተኛውን ብቻ አስደስተው ሦስተኛውን ስለሚረሱ ነው።

ደላላው ይቅር ወይስ ይከፈልበት?

የቤትና የመኪና አፖች በብዛት የሚመጡት ደላላውን ለማስቀረት ታስበው ነው። የገበያውን ድግግሞሽ ላስተዋለ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይታያል። ተከራይ ቤት የሚፈልገው በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ነው። ቤቱን ባገኘ ማግስት አፑን ያጠፋዋል። አከራዩም ቤቱ እስኪያዝ ድረስ ብቻ ነው የሚፈልገው። ቤት በየቀኑ የሚፈልግ፣ በየቀኑ የሚያስተዋውቅ፣ በቴሌግራም ቻናል ፎቶ ሲለጥፍ የሚውለው ደላላው ነው። ስልኩ በፎቶ ሞልቶበታል፤ የትኛው ቤት እንደተያዘ ይምታታበታል፤ ያገናኘው ሰው ኮሚሽን ሳይከፍል ይጠፋበታል። ዒላማ ደንበኛ በተግባር የሚያወጣው ሰው ከሆነ፣ በዚህ ገበያ ውስጥ በየዕለቱ የሚያወጣው ደላላው ነው። እርሱን ለማስቀረት የተሠራው አፕ ጠላት ያፈራል፤ ለእርሱ የተሠራው ግን ዘወትር የሚከፍል ደንበኛ የማግኘት ዕድል አለው።

ከመክፈል በፊት የሚደረግ ማጣራት

ዒላማ ደንበኛን ለማግኘት ከፍ ያለ ወጪ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጥያቄውን አስተካክሎ መጠየቅ ነው። በአገራችን «ይህ አፕ ቢሠራ ትጠቀማለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው በይሉኝታ «አዎ፣ እግዜር ይስጥልን» ማለቱ የታወቀ ነው። መልሱ ጨዋነትን እንጂ ፍላጎትን አያሳይም። መጠየቅ ያለበት ያለፈው ነው፤ ባለፈው ወር ይህ ችግር ስንት ጊዜ አጋጠመዎት? ያን ጊዜ ምን አደረጉ? ስንት ብር ወጣ? ማንን ላኩ? ያለፈውን ሲናገር ሰው ይሉኝታ አይይዘውም።

ቀጥሎ አገልግሎቱን አፑ ሳይኖር መስጠት ይቻላል። ለዱቤው አፕ አንድ ሰው፣ አንድ ስልክና አንድ ደብተር ይዞ ለ30 አከፋፋዮች የዱቤ ቀን እያስታወሰ አንድ ወር ይሠራ። ክፍያም ይጠየቅ። በወሩ መጨረሻ ለቀጣዩ ወር የከፈሉት ስንት እንደሆኑ፣ በምን እንደሚመሳሰሉና ያልከፈሉት ምን እንዳሉ ይጻፍ። የሚመሳሰሉበት ነገር፣ ማለትም የዕቃው ዓይነት፣ የደንበኛው ብዛት፣ የሚልኩበት ክፍለ አገር፣ የዒላማው ደንበኛ ትክክለኛ መልክ እርሱ ነው። ኤም-ፔሳ ከ500 በማይበልጡ ሰዎች ያወቀውን ነገር በ30 ሰው መጀመር አያሳፍርም።

ከዚያ ስልካቸው ይታይ። ቦታው በፎቶና በቪዲዮ የሞላ ስልክ ትልቅ አፕ አይቀበልም። የዳታ ጥቅል በቀን የሚገዛ ሰው በየሰዓቱ ኢንተርኔት የሚፈልግ አፕ አያቆይም። በአማርኛ መጻፍ የሚያታክተው ነጋዴ ቴሌግራም ላይ በድምፅ እንደሚያወራ ሁሉ አፑም ድምፅ እንዲቀበልለት ይፈልጋል።

በመጨረሻም ባለሀብቱ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ከመልቀቅ ይልቅ በክፍልፋይ ማድረጉ ይበጀዋል። የመጀመሪያው ክፍያ ለ30 ሰው ሙከራ ብቻ ይዋል። ሁለተኛው የሚለቀቀው ስንት ሰው አወረደው ተብሎ ሳይሆን ስንቱ በአራተኛው ሳምንት ተመልሶ ከፈተውና ስንቱ ከፈለበት ተብሎ ይሁን። አፑን ይዞ የመጣው ወጣት የእነዚያን 30 ሰዎች ዝርዝር፣ ከነሥራቸውና ከነወጪያቸው፣ ማቅረብ ከቻለ ጠረጴዛ ላይ ያለው ነገር ንግድ ነው። ካልቻለ ግን ሰነዱ ላይ ያለው አንድ ሚሊዮን ሰው ዛሬም ማንነቱ አልታወቀም።